ከሳንቃው ሥር የሚያንኳኳው

ለወንድም ጋሼ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ወገብህ ቀንቶ፣ ያ ሳል ለቆህ፣ ቤትህ ሙሉ ሆኖ ያግኝህ። እንደምን ከረምክ? ሥራውስ እንዴት ይዞሃል? የሰው ሊፍት ስትጠግን የራስህን ጉልበት እንዳትጨርስ አደራ። ባለፈው በስልክ ስናወራ ትንፋሽህ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ሰምቻለሁ፤ «ደረጃ ላይ ሆኜ ነው» ብለህ ሸፈንከው እንጂ እኔን አላታለልከኝም። እትዬስ እንዴት ናት? ዓይኗ ተሻላት? መነጽሩን ታደርገዋለች ወይስ እንደ ልማዷ መሳቢያ ውስጥ አስተኝታዋለች? ልጆቹስ? ትልቋ እናቷን በቁመት አለፈች ብለኸኝ ነበር። ትንሹ አሁንም ያገኘውን ሁሉ ይፈታል? የግድግዳ ሰዓታችሁን ፈትቶ ሲገጥመው ሁለት ብሎን ተረፈው ያልከኝን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አንድ ሳምንት ሙሉ ሲስቁ ከረሙ።

እኛ ደህና ነን። እማዬ ደመና በጣለ ቁጥር ጉልበቷ ቀድሞ ይነግራታል እንጂ ሌላው ጤናዋ ይመስገነው ነው። አልበላም ትልና እኔ ዘወር ስል ድስቱን ከፍታ ትጎበኘዋለች። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ በሰላምታ ላይ ሰላምታ ላኪልኝ ብላለች፤ የሰፋችልህ ካፖርት አሁንም ይሞቅህ እንደሆነ ጠይቂልኝ አለች። እኔም አለሁ። የጠመኔ ብናኝ ድምፄን አሻከረው እንጂ ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። አንደኛ፣ እማዬ ስልክ ላይ ስሆን ጆሮዋ እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ አንተ መሃል ላይ ታቋርጠኛለህ። ይህን ነገር ደግሞ ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው እንድትሰማኝ እፈልጋለሁ። ስለ አባዬ ነው። ተቀመጥና አንብበው።

ነገሩ የተጀመረው ከትምህርት ቤት ነው። በዚህ ዓመት አዲሱ ርዕሰ መምህር አንድ ጥሩ ነገር አሰቡ። የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ሲባሉ ከሐኪምና ከአብራሪ ሌላ የሥራ ስም ስለማይወጣቸው፣ በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት አንድ ባለሙያ ተጠርቶ ስለ ሥራውና ስለ ምርምሩ እንዲያጫውታቸው ተወሰነ። እንግዳ የመፈለጉ፣ የመቀበሉና የመሸኘቱ ጣጣ ደግሞ «የፊዚክስ መምህርቷ ሰው ታውቃለች» ተብሎ እኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ። የማውቀው ሰው ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት አይሞላም፤ ግን ማን ይሰማኛል።

መጀመሪያ አዋላጅ ነርሷ መጡ። ስንት ልጅ አዋለዱ ተብለው ሲጠየቁ፣ በእጃቸው የተወለደች ልጅ አድጋ ልትወልድ እሳቸው ዘንድ የመጣች ዕለት መቁጠር እንዳቆሙ ተናገሩ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቀጥሎ የመጣው የጥርስ ሐኪም የተማሪውን አፍ ሊያስከፍት ሄዶ የራሱ አፍ ተከፍቶ ቀረ። አንዷ ተነሥታ «የእርስዎን ጥርስ ማን ይነቅልልዎታል?» አለችው። ሦስተኛው ስለ ሰብል በሽታ የሚመራመሩ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ሰዓት ተኩል ሲናገሩ ግማሹ ተማሪ አንቀላፋ፤ አንዲት ልጅ ግን እስከ በሩ ተከትላቸው ሄደች፤ ይኸው እስከ ዛሬ በደብተሯ መሃል የደረቀ ቅጠል ይዛ ትዞራለች። ደስ የሚል ነገር ነበር። ልጅ ሆነን እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣልን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

በአራተኛው ዓርብ የመሬት ንዝረት ተመራማሪዋ መጡ። ሃምሳ ዓመት የሞላቸው፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሴት ናቸው። ተማሪዎቹ ስማቸውን ሳይዙ «ወይዘሮ ዝም በሉ» ብለዋቸዋል። እንዴት ወደዚህ ሥራ እንደገቡ ሲናገሩ ሁሉም ጆሮውን ሰጣቸው። ያደጉት ድንጋይ የሚፈለጥበት ሥፍራ አጠገብ ነው። ፈንጂው ሲፈነዳ ድምፁ ከመድረሱ በፊት መዳፋቸው ግድግዳው ላይ ከሆነ ግድግዳው ቀድሞ ይነግራቸው ነበር። «መሬት ከአየር ቀድማ እንደምታወራ ያወቅሁት በሰባት ዓመቴ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት የግድብን፣ የድልድይንና የዋሻን ግድግዳ ሲያዳምጡ ኖረዋል። ሥራዬ ሐኪም በማዳመጫው ደረት እንደሚያዳምጠው ያለ ነው፤ ልዩነቱ የእኔ በሽተኛ አያወራም አሉ።

ከቦርሳቸው አንድ የብረት ሣጥን አወጡ፤ አንድ ዳቦ የምታክል፣ ሦስት አጫጭር እግር ያላት። ከመድረኩ ሥር፣ የወለሉ ሳንቃ ላይ አስቀመጧትና ከላፕቶፓቸው ጋር አያያዟት። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር አንድ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ተዘረጋ። ዝለሉ ሲሏቸው ሦስት መቶ ልጅ ዘለለ፤ መስመሩ አብዶ ከግድግዳው ሊወጣ ደረሰ። ሳቅ ሆነ። ከዚያ «አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚከብደውን እንሞክር፤ ለሁለት ደቂቃ ማንም አይንቀሳቀስ» አሉ።

ወንድም ጋሼ፣ ያን ዝምታ እንዴት አድርጌ ልጻፍልህ። ሦስት መቶ ልጅ እንደዚያ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ቀትር አልፎ ነበር፤ ፀሐይ በመስኮቶቹ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። መስመሩ ቀስ በቀስ እየቀጠነ ሄዶ እንደ ክር ሆነ። እና ከዚያ ክር ላይ አንድ ትንሽ ጉብታ ብድግ አለች። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ትንሽ ቆየች። እንደገና ሦስት። ትንሽ ቆየች። ከዚያ አንድ ብቻ። ድምፅ የለም፤ ዓይናችን ያያል፣ ጆሯችን ግን ምንም አይሰማም።

ተመራማሪዋ ፈገግ ብለው «እግሩን የሚያወዛውዘው ማን ነው?» አሉ። ሁላችሁም እግራችሁን ከወለሉ አንሡ አሉ። ሦስት መቶ ልጅ እግሩን አንሥቶ፣ ጉልበቱን አቅፎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መስመሩ ተነሣ። ሦስት። ሦስት። አንድ። ፈገግታቸው ሲጠፋ አየሁ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ፣ ሁልጊዜ ቀድማ እጅ የምታወጣው፣ በሹክሹክታ «ማን ነው የሚያንኳኳው?» አለች። ከኋላ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ተመራማሪዋ ላፕቶፑን ዘጉና፣ ለዛሬ ይበቃናል፣ ቀስ ብላችሁ በግራ በኩል ባለው በር ውጡ አሉ። «ቀስ ብላችሁ» ሲሉ ድምፃቸው እንደ ቅድሙ ለስላሳ ነው፤ ዓይናቸው ግን የወለሉን መሃል ይፈራዋል።

እኔ ግን ከመቀመጫዬ መነሣት አቃተኝ። ያን አመታት አውቀዋለሁ። አንተም ታውቀዋለህ። አባዬ ጡረታ ከወጣ በኋላ ምሳ ቀርቦ እስኪበርድ ሲጠብቅ በጣቱ የገበታውን ጠርዝ የሚመታው እሱ ነው። ሦስት፣ ሦስት፣ አንድ። እማዬ «ጣትህን ሰብስብ፣ ራሴን ታዞረዋለህ» ትለው ነበር።

ያን ጊዜ አልረሳኸውም። አባዬ ሃያ ሰባት ዓመት የዚያ ትምህርት ቤት አናጢ ሆኖ ሲኖር አንድ ቀን ሰው አስቀይሞ አያውቅም። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ግን፣ ተማሪው ለዕረፍት ሄዶ ግቢው ጭር ሲል፣ ቀትር ላይ ከአዳራሹ ሥር የሚያንኳኳ አለ ማለት ጀመረ። ጆሮውን ሳንቃው ላይ ለጥፎ ተኝቶ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ሁለት ጊዜ አገኘው። ወለሉ ይነሣና ይታይ ብሎ ለመነ። ልጆቹ «አቶ ጆሮ» ብለው ስም አወጡለት፤ እኔ ደግሞ እዚያው ትምህርት ቤት ገና አዲስ መምህርት ነበርኩ፤ ስሙን ስሰማ እንዳልሰማሁ አልፋለሁ። የቀድሞው ርዕሰ መምህር ደብዳቤ ላኩልን። አንተ ፈቃድ ወስደህ መጣህ። ሐኪም ዘንድ ወሰድከው፤ የአእምሮ ድካም ተብሎ ወረቀት ተጻፈለት፤ በዚያ ወረቀት ከሥራው ወጣ። «አባዬ፣ እባክህ ሰው ፊት አታሳንሰን» ስትለው እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። «እሺ ልጄ» አለ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ስለ አዳራሹ አንድ ቀን አላነሣም። አንተ ተናገርክ፤ እኔ ዝም አልኩ። የማን ይብሳል ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ፤ የእኔ ይብሳል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ተማሪው ከወጣ በኋላ ተመራማሪዋ ርዕሰ መምህሩን ይህ ሕንፃ ስንት ዓመቱ ነው፣ ከሥሩስ ምን አለ ብለው ጠየቁ። አፈር ነው አሏቸው። «አፈር እንዲህ አይመልስም፤ ከታች ባዶ ነው» አሉ። እስኪመረመር አዳራሹ እንዲዘጋ ለመኑ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ሰኞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሙከራ ፈተና ይጀመራል፣ እስከ ረቡዕ ይቆያል፣ ከአዳራሹ ሌላ ያን ሁሉ ልጅ የሚይዝ ቦታ የለንም። በአንድ ሣጥን ምክንያት ፈተና አላስተላልፍም አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት እኔና ተመራማሪዋ ብቻ ተመልሰን ገባን። ሣጥኗን አስቀመጡና የጆሮ ማዳመጫ ሰጡኝ። የመሬት ንዝረት ለሰው ጆሮ በጣም ቀርፋፋ ስለሆነ ፍጥነቱን ጨምረው ወደ ድምፅ ይለውጡታል። ስድስት ሰዓት እስኪሞላ ምንም አልነበረም፤ የራሴ ደም ሲዘዋወር ብቻ ነው የምሰማው። ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ መጣ። ወንድም ጋሼ፣ ብረት ብረትን ሲመታ አይመስልም። ሰው በመዳፉ ጫፍ የእንጨት በር ሲመታ ነው የሚመስለው። የተናደደም የቸኮለም አይደለም። የሚከፍትለት ሰው ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ፣ እስኪመጣለት የሚጠብቅ ሰው አመታት ነው። ማዳመጫውን አውልቄ ጣልኩት።

ስለ አባዬ የነገርኳቸው ያኔ ነው። ሁሉንም፤ ወረቀቱንም፣ «አቶ ጆሮ» የሚለውንም፣ የእኔን ዝምታም። እንደ ሌላው ሰው ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ደብተራቸውን ገለጡና ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ነው የሰሙት፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ በስንት ሰዓት እያሉ እንደ ማንኛውም ምስክር ጠየቁኝ። ከዚያ ከገጹ አናት ላይ «የመጀመሪያው ተመልካች፦ የትምህርት ቤቱ አናጢ» ብለው ጻፉ። እዚያው ሳንቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አልከለከሉኝም።

ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ እርሳስና ማስመሪያ ይዘው አዳራሹ በር ላይ ተሰለፉ። እኔም በሩ ላይ ቆምኩ። ተማሪዎቼን እዚህ አላስገባም አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ወደ ጎን ወስደውኝ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የአባትሽ ነገር እንደገና ተጀመረ እንዴ?» አሉኝ። ለካ እሳቸውም ሰምተውታል። በለሰለሰ አነጋገር የተባለ ስለሆነ ይበልጥ አቃጠለኝ። ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል አሉኝ፤ ይጻፍብኝ አልኩ። ጀግንነት አይምሰልህ። ሁለተኛ ጊዜ ዝም ማለት ስላቃተኝ ብቻ ነው። ያቺ እጅ የምታወጣው ልጅ ከሰልፉ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሰልፉ ሁሉ እግሩን ተከለ። ርዕሰ መምህሩ አይተው አይተው፣ በሉ በየክፍላችሁ ተራርቃችሁ ተቀመጡ አሉና ፈተናው በየክፍሉ ተሰጠ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ተመራማሪዋ የጠሩት ከከተማው ውሃ ክፍል አንድ ወጣት ባለሙያ አሮጌ ካርታ ጠቅልሎ መጣ። ካርታው ላይ አዳራሹ ከመሠራቱ በፊት በቦታው ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ እንደነበረ ተሥሏል። ጉድጓዱ ሳይሞላ በላዩ ክዳን ተደርጎ፣ በክዳኑ ላይ አዳራሽ ተሠርቷል። ከመድረኩ ጀርባ ሳንቃ ለማንሣት ጉጠቱን ሲያዘጋጅ ግን ቀድሞ የተነሣ ሳንቃ አገኘ። አንዱ ሰው በመጋዝ በጥንቃቄ ቆርጦ፣ ከሥር መደገፊያ ሠርቶለት፣ እንደ ክዳን የሚነሣና የሚገጠም አድርጎ መልሶታል። «ይህን የሠራ ሰው እጅ ያውቃል፤ መጋጠሚያው አይታይም» አለ። የማን እጅ እንደሆነ አልነገርኩትም። ከሥሩ ዝገት የበላው የብረት መዝጊያ አለ። ተከፍቶ በባትሪ ሲታይ የጉድጓዱ ግድግዳ ተሰንጥቆ፣ በአጠገቡ ከሚያልፍ ትልቅ ቧንቧ ውሃ እየገባ፣ ጣሪያውን የያዙት ምሰሶዎች ሥራቸው ተበልቶ ድዱ እንደሸሸ ጥርስ ሆነዋል።

ስለ ማንኳኳቱ ስጠይቀው ሳቀ። ፓምፑ ቀትር ላይ ሲነሣ ውሃው ቧንቧውን እየመታ ነው፣ የታወቀ ነገር ነው፣ ነገ እንዘጋዋለን አለ። እኔም የፊዚክስ መምህርት ነኝ፤ ነገሩ ገባኝ፤ ልቤም አረፈ። ማክሰኞ ጠዋት የዚያን መስመር ውሃ ዘጉት። ቧንቧው ደረቀ። ተመራማሪዋ ሣጥኗን አዳራሹ ጥግ ላይ፣ ግድግዳው ሥር ትተዋት ነበር፤ በሩም ተቆለፈ።

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ የመጨረሻውን ፈተና እየጠበቅሁ ነበር። መጀመሪያ ያወቀው መሬቱ ነው፤ የጠረጴዛዬ እግር ሲንቀጠቀጥ በጉልበቴ ተሰማኝ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ጩኸት አይባልም፤ አንድ ትልቅ ነገር ተንፍሶ እንደተቀመጠ ያለ ነው። በመስኮት ስናይ ከአዳራሹ በር ሥር አቧራ ቀስ ብሎ እንደ ዱቄት እየወጣ ነው። የወለሉ መሃል ከአሥራ ሁለቱ መደዳ ወንበር ስምንቱን ይዞ ወርዷል። በእቅዱ መሠረት በዚያ ሰዓት እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሁለት መቶ አሥር ልጆች በየክፍሉ፣ እርሳስ ይዘው አፋቸውን ከፍተው ቆመው ነበር። አንድ ሰው አልተጎዳም። ርዕሰ መምህሩ ግቢው መሃል ቆመው በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ማስጠንቀቂያው እስከ ዛሬ አልተጻፈም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ ደስ ባለኝ። ሐሙስ ተመራማሪዋ ሣጥኗን አወጡ። ግድግዳው ሥር ስለነበረች አልወደቀችም፤ እስከ መጨረሻው ስትጽፍ ቆይታለች። መስመሩን ወረቀት ላይ አውጥተው አሳዩኝ። ማክሰኞ ጠዋት ውሃው ተዘጋ። ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ በደረቀ ቧንቧ፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አንድ። ከዚያ ወዲህ ቀትርን ብቻ አልጠበቀም። ከሰዓትም አለ፤ ረቡዕ ጠዋትም አለ። እየቆየ መሃሉ እየጠበበ፣ እየፈጠነ ሄደ። ስምንት ሰዓት ሲሞላ ሦስቱና አንዱ አይለይም፤ ሁለት እጅ ባንድ ላይ በር እንደሚደበድብ ነው። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ወለሉ ወረደ። ከዚያ በኋላ መስመሩ ክር ነው። አንዲት ጉብታ የለችበትም።

ሲሚንቶ ሲሰነጠቅ እንዲህ ያንኳኳ ይሆን ብዬ ጠየቅሁ። የስንጥቅ መልክ ሌላ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት አይቼዋለሁ አሉ። ታዲያ ምንድን ነው ብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «አላውቅም፤ የምጽፈውም አላውቅም ብዬ ነው» አሉ። በቀጣዩ ዓርብ ተመልሰው መጥተው፣ አዳራሽ ስለሌለን በግቢው ሜዳ ላይ፣ ለተማሪዎቹ ይህንኑ ተናገሩ። ስለ አባዬም ነገሯቸው። «እኔ ሣጥኗን ከማምጣቴ ከብዙ ዓመት በፊት በጆሮው ብቻ ያገኘው አንድ አናጢ ነበር፤ ተመራማሪ ማለት እሱ ነው» አሉ። ስሙን ሲጠሩ ተማሪው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። «አቶ ጆሮ» ያሉት የእነዚህ ልጆች ታላላቆች ናቸው።

እማዬ ይህን ሁሉ ስነግራት ሥፍራውን ማየት ብቻ ፈለገች። ክንዷን ይዤ ወሰድኳትና በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ጉድጓዱን አየች። ቀትር ነበር። ብዙ ቆመች። ከዚያ የሚያለቅስ ሕፃን አስተኝታ እንደምትወጣ እናት ድምፅዋን ቀንሳ «ይኸው ዝም አለ» አለችኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ለወንድምሽ ነገርሽው ወይ አለች።

አሁን በስልክ ልነግርህ ያልቻልኩት ላይ ደረስኩ። ያቺ አባዬ የቆረጣት ሳንቃ ወለሉ ሳይወርድ ወጥታ ዕቃ ግምጃ ቤቱ በራፍ ላይ ተደግፋ ነበር። ገልብጬ አየኋት። ጀርባዋ በሙሉ በአናጢ እርሳስ የአባዬ እጅ ጽሑፍ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቀን፣ ሰዓት፤ ስልሳ ሦስት መስመር። ሃያ ሁለቱ ጡረታ ከወጣ በኋላ የተጻፉ ናቸው። ለካ ሽማግሌዎች ጋ ልጫወት ብሎ ቀትር ላይ የሚወጣው እዚያ ለመሄድ ነው። አንዱ መስመር ግን ከሌላው ይረዝማል። ቀኑ አንተ ፈቃድ ወስደህ በመጣህ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችሁ አንድ ቀን በፊት። እንዲህ ይላል፦ «ስድስት ሰዓት ከአሥር። ልጄ አብሮኝ ነበር። ጆሮውን ሳንቃው ላይ አደረገ። ሰማ። ፊቱ ነገረኝ። ምንም የለም አለ።»

እዚያ አብራችሁ እንደሄዳችሁ ለማናችንም አልነገርከንም፤ እሱም አልነገረንም።

ወንድም ጋሼ፣ ልወቅስህ አይደለም። ብዙ ነገር አስቤልሃለሁ። ፈርተህ ይሆናል። ከዚያ ወለል ላይ የምታርቀው በዚያ ወረቀት ብቻ መስሎህ፣ ከሚሰማው ነገር ለማዳን ብለህ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ አሳቢ ልጅ ነበርክ፤ ግን ብቻውን ተውከው። ወይም አባዬ ተሳስቶ፣ ያላየውን አይቶ ይሆናል። እኔ ያን ቀን ፊትህን አላየሁትም፤ አባዬ ነው ያየው። መልስህን የማውቀው አንተ ከነገርከኝ ብቻ ነው። ሰምተህ ነበር ወይ? ብዙ አትጻፍልኝ፤ አንድ ቃል ይበቃኛል። ሳንቃዋን ከአልጋዬ ሥር አድርጌያታለሁ፤ ተመራማሪዋም እማዬም አላዩዋትም፤ የአንተ ቃል ሳይመጣም አያዩዋትም። የሰማህ ከሆነ ደግሞ፣ ሁለተኛው ተመልካች አንተ ነህና ስምህን ከስሙ ሥር አስጽፋለሁ።

እትዬን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ መነጽሩን አድርጊ በላት። ትልቋን፣ «ከቁመት ሌላ በትምህርትም እናትሽን እለፊ ብላለች አክስትሽ» በልልኝ። ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን፤ የሚፈታው ነገር ቢያልቅበት እኔ ጋ የተበላሸ ሬዲዮ አለ። ፎቃችሁ ላይ ያሉትን፣ ልጆቹን የሚጠብቁላችሁን አሮጊት ጎረቤት እጅ ንሣልኝ። እማዬ ጉንጭህን፣ ግንባርህን፣ ከዚያ እንደገና ጉንጭህን ስማሃለች፤ ካፖርትህን ቆልፍ ብላለች።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከእማዬ ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ
እሑድ፣ ኅዳር ፲፯ ቀን